ቤቱን የሚጠብቅ ትንሽ ዓሣ

የቤት አባት ማለት እህል አምጥቶ በጎተራ የሚከት ብቻ አይደለም፤ ደጁን የሚዘጋ፥ ልጆቹንም የሚጠብቅ ነው። ይህን ሕግ የሚያውቀው ሰው ብቻ የሚመስለው ቢኖር፥ ዛሬ ታሪኩን የምንጽፍለትን ትንሽ ፍጥረት ይመልከት። በቀይ ባሕር ውስጥ ከአንድ ስንዝር የሚያንስ፥ መልኩ እንደ አደይ አበባ የሚያበራ አንድ ዓሣ አለ። እናቲቱ ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ፥ እስኪፈለፈል ድረስ ከአጠገቡ የማይርቀው አባትዮው ነው። በክንፉ ያራግብለታል፥ በአፉ ያጸዳዋል፥ ከእርሱ እጅግ የሚበልጥ ጠላት ቢመጣም ትቶት አይሸሽም።

የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ አንባቢ፥ «እኛ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብለን የምንኖር የደጋ ሰዎች ነን፤ የጨው ባሕር ዓሣ ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሦስት ነው። አንደኛ፥ ለዚህ ዓሣ ስም ያወጣለት ሰው የጣናን ዓሦችም ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ነው። ሁለተኛ፥ የዚህ ዓሣ ዘመድ ከጣና ወጥቶ በየገበያችን ይሸጣል፤ በየቤታችንም ይጠበሳል። ሦስተኛ፥ በዚያ በባሕሩ ዓሣ ላይ የደረሰው ጉዳት በእኛው ሐይቅ ዓሣ ላይም በሌላ መንገድ እየደረሰ ነው። እነዚህን ሦስቱን ነገሮች በየተራ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኮራል አምባ

ዓሣው የሚኖረው በኮራል መካከል ነው። ኮራል ለሚያየው ሰው ድንጋይ ይመስለዋል፤ ቅርንጫፍ ያለው ሲሆን ደግሞ ዛፍ ይመስለዋል። ነገር ግን ድንጋይም ዛፍም አይደለም። እጅግ ትንንሽ የሆኑ እንስሳት ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየለዩ ለራሳቸው የሠሩት ቤት ነው። የፊተኛው ትውልድ ሲያልፍ የኋለኛው በላዩ ይሠራል፤ እንዲህ እያለ ብዙ ሺህ ዓመት ሲቈይ ከባሕሩ ወለል እስከ ውሃው ገጽ የሚደርስ አምባ ይሆናል። በእነዚህ እንስሳት ሥጋ ውስጥም በዐይን የማይታዩ ትንንሽ ዕፀዋት ይኖራሉ፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለባለቤቱ ያካፍላሉ፤ የቀለሙም ውበት በብዛት ከእነርሱ የሚገኝ ነው። የኮራል አምባ ከባሕሩ ወለል ሁሉ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ከባሕር ፍጥረታት ወገን አራተኛው እጅ ያህል በእርሱ ተጠግቶ ይኖራል።

ከአገራችን ሰው ይህን አምባ በቅርብ ያየው በምጽዋና በዳህላክ ደሴቶች በኩል ነበር። የዳህላክ ደሴቶች ቍጥራቸው ከመቶ በላይ ነው፤ ዙሪያቸውም ኮራል ነው። በምጽዋ ከተማ ያሉት የጥንት ቤቶች ከባሕር በተቈረጠ የኮራል ድንጋይ የታነጹ ስለ ሆኑ፥ በከተማይቱ የኖረ ሰው ሳያውቀው በኮራል ግድግዳ መካከል ተኝቷል ማለት ነው። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተጣመረች በኋላ፥ በ1962ና በ1965 ከእስራኤል የመጡ ተመራማሪዎች በዳህላክ ደሴቶች ሰፍረው የባሕሩን እንስሳት አጥንተዋል። በ1993 ኤርትራ ራሷን የቻለች መንግሥት ስትሆን ግን ያ የባሕር ዳርቻ ከእርሷ ጋር ሆነ። ስለዚህ የዛሬው የኢትዮጵያ ተማሪ ስለ ኮራል የሚያውቀው ከመጽሐፍና ከሥዕል ነው።

ስም ያወጡለት ሰዎች

የቀይ ባሕርን ዓሦች ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር የመዘገበው ጴጥሮስ ፎርስኮል ይባላል። የታላቁ የስዊድን ሊቅ የሊኔዎስ ደቀ መዝሙር ነበረ። በዴንማርክ ንጉሥ ትእዛዝ በ1761 ከተነሡት መንገደኞች አንዱ ሆኖ ወደ ዓረብ አገር ወረደ፤ በ1763 ግን በየመን በወባ ሞተ። ጽሑፉን ከጓደኞቹ ሁሉ በሕይወት ተርፎ የተመለሰው ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ፎርስኮል የዓሦቹን ስም ከዓረብ ዓሣ አጥማጆች አፍ እየሰማ ይጽፍ ስለ ነበረ፥ «አቡደፍዱፍ» የሚለው የዓረቦች ስም እስከ ዛሬ ድረስ ለዚሁ ለትንሹ ዓሣ ነገድ አንድ ወገን የሊቃውንት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። «አቡ» ማለት አባት ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል። ወደ ፊት እንደምናየው አባት የሚለው ቃል ለዚህ ዓሣ የሚገባ ነው።

ከእርሱ በኋላ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን መጡ። ሄምፕሪክ በ1825 በምጽዋ ሳለ በንዳድ ታሞ ሞተ፤ መቃብሩም በዚያው ሆነ። ዛሬ በአንድ መስመር የምናነበው የዓሣ ወይም የኮራል ስም በስንት ሰው ሕይወት እንደ ተገዛ ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1794 በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አስቀድሞ የቀይ ባሕርን ዳርቻ ዞሮ ዓሦቹን ሰበሰበ፤ ከ1828 ጀምሮም ሥዕላቸውንና ታሪካቸውን አሳተመ። ዛሬ የምንተርክለትን ዓሣ በ1830 «አምፊፕሪዮን ቢሲንክቱስ» ብሎ ሰየመው። ሁለተኛው ቃል በላቲን «ሁለት መቀነት የታጠቀ» ማለት ነው። ሩፔል በ1831 እንደ ገና በምጽዋ በኩል ገብቶ የሰሜንን ተራሮች አቋርጦ በ1832 ጎንደር ደረሰ፤ የጣናንም ዓሦች ሰበሰበ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የጣናን ዓሦች በየስማቸው ለይቶ ጻፈ። ካወጣላቸው ስሞች መካከል «ጎርጓሪ» የሚለው ለአማርኛ ሰሚ እንግዳ አይሆንበትም። የቀይ ባሕሩ ባለ መቀነትና የጣናው ጎርጓሪ በአንድ ሰው እጅ ተጽፈው በአንድ ከተማ ቤተ መዘክር ተቀመጡ ማለት ነው።

ባለ ሁለት መቀነቱና አበባው

ይህ ዓሣ ቢበዛ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሰውነቱ ብርቱካንማ ቢጫ ነው፤ ጀርባው ጠቈር ይላል። ከዐይኑ በስተኋላና ከወገቡ ላይ ዳር ዳሩ ጥቁር የሆነ ነጭ መቀነት ሁለት ጊዜ ታጥቋል። እንዲህ ያለ የሚያበራ ልብስ ለብሶ በጠላት መካከል መኖር ለሌላ ዓሣ ሞትን መጥራት በሆነ ነበር። ለእርሱ ግን መሸሸጊያ አለው።

መሸሸጊያው ሰዎች አበባ የሚሉት፥ ነገር ግን እንስሳ የሆነ ፍጥረት ነው፤ እኛም «የባሕር አበባ» እንበለው። እግሩን በድንጋይ ላይ ተክሎ፥ እንደ ጣት ያሉ ብዙ ክንዶቹን በውሃው ውስጥ ያወዛውዛል። በክንዶቹ ላይ በዐይን የማይታዩ መርዛም መውጊያዎች ሞልተዋል፤ የነካውን ትንሽ ዓሣ ወግቶ ያፈዝዛል፥ ከዚያም ይበላዋል። ባለ ሁለት መቀነቱ ግን በእነዚህ ክንዶች መካከል እንደ ልቡ ይገባል፥ ይወጣል፥ ሌሊትም ያድርበታል። ምሥጢሩ በሰውነቱ ላይ ባለው ልጋግ ነው፤ የባሕሩ አበባ በዚህ ልጋግ ምክንያት ዓሣውን እንደ ባዕድ አይቈጥረውም፥ መውጊያውንም አይተኵስበትም።

ዓሣው ግን ያለ ኪራይ የሚኖር እንግዳ አይደለም። የአበባውን ክንድ ሊቀጥፉ የሚመጡትን ሌሎች ዓሦች ያባርራል። ከሰውነቱ የሚወጣው ቈሻሻ ለአበባው ማዳበሪያ ይሆነዋል። ሌሊት ውሃው ጸጥ ሲል በመካከሉ እየተንቀሳቀሰ ንጹሕ አየር ያለውን ውሃ ያስገባለታል። ይህን ያረጋገጡት በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ የተደረጉ ጥናቶች ናቸው፤ ዓሣ ያለበት አበባ ዓሣ ከሌለበት ይልቅ ያድጋል። ጎረቤት ለጎረቤት እንዲህ ነው፤ አንዱ ቤት ይሰጣል፥ ሁለተኛው ዘብ ይቆማል።

በአንድ አበባ ውስጥ የሚኖሩት ዓሦችም ያለ ሥርዐት አይኖሩም። በአካል የምትበልጠው እናቲቱ ናት፤ ከእርሷ ቀጥሎ ባሏ ነው፤ ከእነርሱ በታች ያሉት ትንንሾቹ ተራቸውን እየጠበቁ በዝምታ ያድጋሉ። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ እናቲቱ የሞተች እንደ ሆነ ባሏ ተለውጦ እናት ይሆናል፥ ከትንንሾቹም የሚበልጠው የአባትነቱን ቦታ ይይዛል። ቤቱ ያለ እናት ወይም ያለ አባት ብዙ ቀን አይቈይም። ይህን በቀይ ባሕሩ ዓሣ ላይ በ1970ዎቹ የገለጡት የጀርመን ሊቃውንት ናቸው።

አባት በዕንቁላሉ ላይ

እንግሊዞች ይህን የዓሣ ነገድ በሙሉ «ዳምዝልፊሽ» ይሉታል። ዳምዝል በቀድሞ እንግሊዝኛ ልጃገረድ ማለት ነው። ከ400 የሚበልጡ ወገኖች ያሉት ነገድ ነው፤ አብዛኞቹም በኮራል አምባ ላይ የሚኖሩ፥ ትንንሾችና ባለ ብዙ ቀለም ናቸው። ስሙ የልጃገረድ ይሁን እንጂ የሞግዚትነቱ ሥራ በነገዱ ሁሉ ዘንድ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የአባት ነው።

ባለ ሁለት መቀነቱ የመውለጃው ጊዜ ሲደርስ በአበባው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አንድ ቦታ መርጦ በአፉ ይጠርጋል፤ ሴት ልጅ መደብን እንደምትለቀልቅ ድንጋዩን ንጹሕ እስኪሆን ያዘጋጀዋል። እናቲቱ ከጥቂት መቶ እስከ ሺህ የሚደርስ ዕንቁላል በሥርዐት ደርድራ ታጣብቅበታለች። ከዚያ በኋላ ሥራው የአባት ነው። ዕንቁላሉ እንዲተነፍስ ውሃውን በክንፉ ያለ ማቋረጥ ያራግብለታል። የሞተውን ዕንቁላል ሌላውን እንዳያበላሽ በአፉ ለቅሞ ያወጣዋል። ጠላት ሲቀርብ ይጋፈጠዋል፤ በባሕር የሚጠልቁ ሰዎች እንኳ ይህች ትንሽ ዓሣ እጃቸውን እንደ ነከሰቻቸው ይናገራሉ። መጀመሪያ ብርቱካንማ የነበረው ዕንቁላል ቀስ በቀስ ይለወጥና በመጨረሻው የጫጩቶቹ ዐይኖች በውስጡ እንደ ብር ሲያበሩ ይታያሉ። በሳምንት ያህል ጊዜ፥ ፀሐይ ከገባች በኋላ፥ በጨለማ ይፈለፈላሉ።

በከተማ ያሉ ልጆች በ2003 የወጣውን «ፋይንዲንግ ኔሞ» የተባለውን የሥዕል ፊልም አይተው ይሆናል። በእርሱ ውስጥ አባት ዓሣ የጠፋ ልጁን ፍለጋ ባሕር ሲያቋርጥ ይታያል። የዚያ ፊልም ዓሣ የእኛው ባለ ሁለት መቀነት የቅርብ ዘመድ ነው። ነገር ግን እውነተኛው ታሪክ ከፊልሙ ይለያል። ጫጩቶቹ እንደ ተፈለፈሉ ማዕበል ወደ ሰፊው ባሕር ይወስዳቸዋል፤ ከአንድ ሳምንት በላይ በዚያ ከተንሳፈፉ በኋላ የተረፉት ጥቂቶቹ የአበባውን ሽታ እየተከተሉ አዲስ ቤት ያገኛሉ። የአባት ጥበቃ ፍሬው እስከ መፈልፈል ነው። ነገር ግን ያች አንዲት ሳምንት ባትኖር የሚፈለፈል አይኖርም ነበር፤ አባትዮው ከቦታው ቢወሰድ ሌሎች ዓሦች ወዲያው መጥተው ዕንቁላሉን ይጨርሱታልና።

ዓሣን ፍጹም አርኣያ እናድርገው ማለታችን ግን አይደለም። በዚሁ ነገድ ውስጥ ዕንቁላሉ ጥቂት የሆነበት አባት ድካሙ የማያዋጣ ሲሆን ዕንቁላሉን ራሱ የሚበላበት ጊዜ እንዳለ ሊቃውንት አይተዋል። ሰው ከእንስሳ የሚማረው ምሳሌውን መርምሮ የሚበጀውን እየለየ ነው።

ገበሬና ባለ ከብት

ጎጃም የጤፍ አገር እንደ መሆኑ፥ የዚህን ነገድ ሌላ ሙያ ስንነግረው የሚገርመው አንባቢ ይኖራል። ከዳምዝል ወገን አንዳንዶቹ ገበሬዎች ናቸው። በኮራሉ ላይ ለራሳቸው እርሻ ይከልላሉ፤ በዚያም ለምግብ የሚሆናቸውን የባሕር ሣር ያበቅላሉ። የማይበላውን አረም በአፋቸው እየነቀሉ ከድንበራቸው ውጭ ይጥላሉ። ድንበር ገፊ ቢመጣ፥ ምንም ትልቅ ቢሆን፥ አሳደው ያስወጡታል። በጃፓን ደሴቶች አጠገብ የተመረመረ አንድ ወገን የሚያበቅለው የሣር ዐይነት ከእርሻው ውጭ ብዙ የማይገኝ፥ ዓሣው ባይጠብቀው በሌሎች ተግጦ የሚያልቅ ነው። ገበሬው ያለ እርሻው፥ እርሻውም ያለ ገበሬው አይኖሩም። የዚህ ወገን ዓሣ በቀይ ባሕርም ይገኛል።

በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በመካከለኛው አሜሪካ፥ በቤሊዝ ባሕር፥ ከብት አርቢ የሆነውን አሳየ። ይህ ዓሣ በእርሻው ላይ እንደ ትንኝ የረቀቁ የባሕር ነፍሳት መንጋ እንዲሰፍር ይፈቅዳል፤ ከጠላትም ይጠብቃቸዋል። እነርሱም በቈሻሻቸው እርሻውን ያዳብሩለታል። ገበሬ በጓሮው ላይ ከብቶቹን አሳድሮ መሬቱን እንደሚያዳብር ማለት ነው።

በቀይ ባሕር ደግሞ በአንድ የኮራል ቍጥቋጦ ውስጥ በማኅበር የሚኖሩ እጅግ ትንንሽ ወገኖች አሉ፤ አንዱንም የሰየመው ሩፔል ነው። ቀን ከቍጥቋጦው በላይ እየተንሳፈፉ ምግባቸውን ይለቅማሉ፤ ጠላት ሲያዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቅርንጫፉ ይገባሉ። ሌሊት ተኝተው ሳሉ እንኳ ክንፋቸው አያርፍም፤ በቅርንጫፎቹ መካከል ውሃውን እያንቀሳቀሱ ኮራሉ እንዳይታፈን ያደርጋሉ። ይህን ያስተዋሉ ሊቃውንት «በእንቅልፍ የሚዋኙ» አሏቸው።

የጣና ዘመዱ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሊቃውንት ቀድሞ ከአጥንቱ አሠራር፥ በኋላም በዘር ምርመራ እንዳገኙት፥ የዳምዝል ነገድና የቆሮሶ ነገድ በአንድ ታላቅ ወገን ውስጥ ይቈጠራሉ። ቆሮሶን ሌላው አገር «ቲላፒያ» ይለዋል። እናቶች ይህን ዝምድና በወጥ ቤት ውስጥ በዐይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። ቆሮሶ ስታሰናዱ አፍንጫውን ተመልከቱ፤ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ቀዳዳ ብቻ ታገኛላችሁ። በጣና ነጭ ዓሣ ላይ ግን በየጎኑ ሁለት ሁለት ነው፤ በአምባዛም እንዲሁ። የቀይ ባሕሩ ባለ መቀነትም እንደ ቆሮሶ በየጎኑ አንድ ብቻ ነው ያለው። ባሕሩና ሐይቁ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትርና በታላላቅ ተራሮች ቢለያዩም የዘር ምልክቱ አልጠፋም።

የጣና ሐይቅ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፥ ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በጢስ ዓባይ ስለሚወድቅ፥ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አልቻለም፤ ስለዚህ የጣና ዓሦች ለብቻቸው ተለይተው ኖሩ። የጣናው ቆሮሶ እንኳ ከሌላው የዓባይ ቆሮሶ የተለየ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1992 ሁለት ሊቃውንት «ጣና» የሚል ስም ጨመሩለት።

ቆሮሶም ልጁን ጠባቂ ነው፤ የአጠባበቁ መንገድ ግን ሌላ ነው። ወንዱ ጥልቅ ባልሆነው ዳርቻ አሸዋውን በአፉ እየቈፈረ እንደ ሣህን ያለ ጎድጓዳ ጎጆ ያዘጋጃል። ሴቲቱ በዚያ ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ ለቅማ በአፏ ትይዘዋለች። ዕንቁላሉ የሚፈለፈለው በእናቱ አፍ ውስጥ ነው፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ በዚያው ይቈያሉ። በእነዚያ ቀናት እናቲቱ ምግብ አትቀምስም ለማለት ይቻላል። ጫጩቶቹ ወጥተው መዋኘት ከጀመሩ በኋላ እንኳ፥ አደጋ ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፤ እነርሱም ተሯሩጠው ይገባሉ። እንግዲህ የቀይ ባሕሩ ዓሣ ልጁን በክንፉ ሲጠብቅ የጣናው በአፉ ይጠብቃል። በቀይ ባሕሩ አባት፥ በጣናው እናት ትደክማለች።

ጠባቂው ሲወሰድ

የሁለቱም ጕዳት መንገዱ አንድ ነው፤ ጠባቂው ወይም ቤቱ ሲወሰድ ትውልዱ ያልቃል። በቀይ ባሕር የተወሰደው ቤቱ ነው። ውሃው ከልኩ በላይ ሲሞቅ ኮራሉና የባሕሩ አበባ በሥጋቸው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ዕፀዋት ይተፋሉ፤ ነጭ ሆነው ይቀራሉ፥ ሙቀቱ ከቈየም ይሞታሉ። በ2023 በማዕከላዊው ቀይ ባሕር ሙቀቱ ለወራት ጸና። በተጠኑት ቦታዎች ከባሕር አበቦቹ አብዛኞቹ ሞቱ፤ ከባለ ሁለት መቀነቱ ዓሣም ከመቶ ከ94 የማያንሰው ጠፋ። ዓሣው ያለ አበባው አንድ ቀን እንኳ ተማምኖ ሊያድር አይችልምና። በሚቀጥለው ዓመት በ1998 እንደ ተጀመረ የሚቈጠረው በዓለም ሁሉ ላይ የሚደርስ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መድረሱ ተነገረ።

በጣና የተወሰደው ወላጁ ነው። ከጥንት ጀምሮ የወይጦ ወገኖቻችን ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲያጠምዱ ሐይቁ አልተጐዳም ነበር። ከ1986 ጀምሮ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ረጃጅም መረቦች ገቡ። ነጭ ዓሣ እንደ ቆሮሶ ልጁን አይጠብቅም፤ ይልቁንም በክረምት ወደ ወንዞች ወጥቶ በጠጠር ላይ ዕንቁላሉን ጥሎ ይመለሳል። አጥማጆች በዚያ ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ስለ ዘረጉ ገና ያልወለደውን ወሰዱት። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣ ምርት በክብደት ከአራት ሦስት እጅ ያህል ቀነሰ። ቆሮሶም በዳርቻው በሚጣሉ ዐይናቸው ጠባብ በሆኑ መረቦች ይያዛል፤ አንዲት እናት በአፏ ዕንቁላል ይዛ ብትያዝ፥ ከእርሷ ጋር ብዙ መቶ ልጆች በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። በ2011 ደግሞ እምቦጭ በጣና ታየ፤ ቆሮሶ ጎጆ የሚሠራበትንም ዳርቻ ሸፈነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፥ የዓሣን ሀብት ስለ መጠበቅና ስለ መጠቀም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 315 ወጥቷል። ነገር ግን አዋጅ በወረቀት ብቻ ዓሣን አይጠብቅም። ጠባቂው ገዢውና ሻጩ፥ ገበሬውና ተማሪው ነው።

በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ እናውቃለን። ዓሣ በየትኛው ጾም ይበላል፥ በየትኛውስ አይበላም የሚለውን ጥያቄ ለመምህራንና ለንስሐ አባቶች እንተወው። እኛ የምንለው ስለ መግዛቱ ነው። የእናት መዳፍ የማይሞላ ትንሽ ቆሮሶ በገበያ ስናይ፥ ይህ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደ መሆኑን አስበን እንለፈው። በክረምት ከወንዝ አፍ የተያዘ ነጭ ዓሣ ሲቀርብልን፥ «ከየት ነው? መቼ ነው የተያዘው?» ብለን እንጠይቅ። ገዢ የሚጠይቀውን ሻጭ ይማራል፤ ሻጭ የተማረውንም አጥማጅ ይሰማዋል። በግልገል ዓባይ ተፋሰስ ከሰከላ ጀምሮ የሚያርሰው ገበሬም በእርሻው ላይ እርከን ሲሠራ መሬቱን ብቻ አያድንም፤ በጠጠሩ ላይ የተጣለውን ዕንቁላል ከደለል ያድነዋል። አስተማሪም ለተማሪዎቹ የቆሮሶን አፍንጫ ሲያሳይ ሥነ ፍጥረትን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእጃቸው ላይ ያስተምራቸዋል።

በሐሙስ ተፈጠሩ የምንላቸው የውሃ ፍጥረታት ቋንቋ የላቸውም፤ ስለ ራሳቸውም አይከራከሩም። ነገር ግን ከአንድ ስንዝር የሚያንሰው ባለ መቀነት ዕንቁላሉን ትቶ የማይሸሽ፥ ቆሮሶም ልጇን በአፏ ይዛ የምትራብ ከሆነች፥ የእነርሱን ቤት ማፍረስ ለእኛ አይገባም። በማዕዳችን ላይ የሚቀርበው ዓሣ ነገም ለልጆቻችን እንዲቀርብ የምንፈልግ ከሆነ፥ ዛሬ ጠባቂውን ከቤቱ አናንሣ።